ታዳሽ ኃይል በሜጋ ዋት ድምር አይለካም

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በመግለጫዎች፣ በመገናኛ ብዙኃንና በብዙ ምሁራን ዘንድ ሳይቀር አንድ እምነት ሥር እየሰደደ መጥቷል። እምነቱ እንደሚለው፣ ሌላው ዓለም ገና የሚደክምበትን ሙሉ በሙሉ በታዳሽ ኃይል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሥርዓት ኢትዮጵያ አስቀድማ ጨርሳለች፤ ከእንግዲህ የሚቀራትም በግድብ ላይ ግድብ እየጨመረች የሜጋ ዋቱን ቁጥር ማሳደግ ብቻ ነው። መነሻው እውነት እንደሆነ መካድ አይቻልም፤ በአገሪቱ ዋና መረብ ውስጥ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ሲሆን፣ ቀሪውም በአብዛኛው ከነፋስ የሚገኝ ነው። ከዚህ እውነት የተወሰደው መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው፤ የስሕተቱንም ዋጋ ከማንም በፊት የሚከፍሉት እንደ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ፣ ከታላላቆቹ ማመንጫዎች ርቀው በመስመር ጫፍ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው።

የኤሌክትሪክ ኃይል ሥርዓት ማለት ከተርባይኑ ተነሥቶ በከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር፣ በኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ፣ በመካከለኛ ኃይል መስመርና በሰፈር ትራንስፎርመር አልፎ እስከ ቤት ቆጣሪ የሚደርሰው ሰንሰለት በሙሉ ነው። ኤሌክትሪክ በሽቦ ላይ ተከማችቶ የማይቆይ በመሆኑ ይህ ሰንሰለት ሚዛኑን በየሰከንዱ መጠበቅ አለበት፤ የሚመነጨውና የሚበላው እኩል ካልሆነ ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ተለዋዋጩ ጅረት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚያደርገው ምልልስ፣ ይዛባል፤ መዛባቱ ከገደብ ሲያልፍም መከላከያ መሣሪያዎች መስመር እየቆረጡ ከተማን ከከተማ ያጨልማሉ። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ በታዳሽ ኃይል የሚሠራ ሥርዓት የሚነድፍ መሐንዲስ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ ፍጆታ ጣሪያ በሚነካበት የምሽት ሰዓት፣ ከመስመሮቹ አንዱ በወደቀበት ቀን፣ ከማመንጫዎች እጅግ ርቆ በሚገኘው ከተማ መብራት ይኖራል ወይ የሚለውን ነው።

በሌሎች አገሮች ለዚህ ጥያቄ መልስ በሚጠፋበት ሰዓት ጋዝ ወይም ከሰል ይነድዳል፤ በኢትዮጵያ ግን ክፍተቱን የሚሞላው ጨለማ ነው። ዋናው ሙግት ያለውም እዚህ ላይ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ፍላጎቱ አብሮ አይጠፋም፤ ሱቁ ጄኔሬተሩን ያስነሣል፣ ሆስፒታሉ ናፍጣ ያቃጥላል፣ ምጣዷ የቀዘቀዘባት እናት ማገዶ ወይም ከሰል ታቀጣጥላለች። ይህ ሁሉ ከውጭ በተገዛ ነዳጅና ከተራራ በተመነጠረ ደን የሚሸፈን ኃይል በብሔራዊው የማመንጫ ስታትስቲክስ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ አገሪቱ የምትኮራበት መቶኛ የተሰላው መብራት የጠፋባቸው ሰዓታት ሁሉ ከሒሳቡ ከተቀነሱ በኋላ ነው፤ እስካሁን ከመረቡ ጋር ያልተገናኘው ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሕዝብም ከሒሳቡ ውጭ እንደሆነ ነው። በዚህ አቆጣጠር አንድ አገር ለጥቂቶች ብቻ እያበራ ራሱን የታዳሽ ኃይል ምሳሌ ብሎ ሊጠራ ይችላል።

ነገሩን ከቅርብ ለማየት ከደሴ ሰፈሮች አንዱን፣ ቧንቧ ውሃን፣ መውሰድ ይበቃል። በዚህም ሆነ በሌሎቹ የከተማዋ ሰፈሮች በሁለት ምሰሶ መካከል የተንጠለጠለው ትራንስፎርመር የ15 ወይም የ33 ኪሎ ቮልቱን ኃይል ለቤት ወደሚሆን ቮልቴጅ ዝቅ ያደርጋል። ከተለመዱት መጠኖች አንዱ የ315 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 90 ያህል ምጣዶች በአንድ ሰዓት ከተሰኩ ትራንስፎርመሩ ለአንዲት አምፖል እንኳ የሚተርፍ አቅም አይኖረውም። በበዓል ዋዜማ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ በመጀመሪያ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ የማቀዝቀዣው ሞተር ማቃሰት ይጀምራል፣ በመጨረሻም ፊውዙ ይበጠስና ሰፈሩ ጥገና እስኪደርስለት በጨለማ ያመሻል። በዚያች ሰዓት ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ 13ቱም ተርባይኖች ቢሽከረከሩ ለቧንቧ ውሃ ነዋሪ የሚለውጡለት ነገር የለም። ከቤት እስከ ግድብ ባለው ሰንሰለት ውስጥ እጅግ ቀጭኑ ቀለበት የት እንዳለ ሳይመረምሩ ወፍራሙን ቀለበት ደጋግሞ ማወፈር የሥርዓት ንድፍ ሊባል አይችልም።

ከደሴ ወደ ታች 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተወርዶ የሚገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ ጉዳዩን በሌላ መልኩ ያሳያል። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች፣ ደረቅ ወደብ፣ እንዲሁም ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት። በፈትል ሥራ ኃይል ለሁለት ደቂቃ ቢቋረጥ የሚጠፋው ሁለት ደቂቃ ብቻ አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዝርቶች በአንድ ጊዜ ሲቆሙ ክሩ ይበጠሳል፣ ሠራተኞች አንድ በአንድ እየቀጠሉ ማሽኑን እንደገና እስኪያስነሡ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ በማቅለሚያ ገንዳ ውስጥ የነበረው ጨርቅም ሙቀቱ ሲወርድበት ቀለሙ ይዘበራረቃል። ለፋብሪካ ዋናው ነገር የኃይሉ አለመቆራረጥ ነው፤ ርካሽ ነገር ግን የማይታመን ኃይል መጨረሻ ላይ ውድ ኃይል ሆኖ ይገኛል።

ከዚህም የሚብሰው የባቡሩ ታሪክ ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ታስቦ በቱርኩ ያፒ መርኬዚ ኩባንያ የተገነባ ነው። የወሎንና የሰሜኑን ጭነት ከናፍጣ መኪና ወደ ታዳሽ ኃይል ለማሻገር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በአካባቢው አልተገኘም። ሆኖም እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ሐዲዱ ተነጥፎ፣ ምሰሶው ተተክሎ ካለቀ በኋላ የኃይል አቅርቦቱ ባለመሟላቱ አገልግሎት ሳይጀምር ቆመ፤ ቆሞ ሳለም የሰሜኑ ጦርነት ደረሰበትና ንብረቱ ለዘረፋ ተዳረገ። በዚያው ዘመን አገሪቱ ለጎረቤቶቿ ኤሌክትሪክ ትሸጥ ነበር። ኃይል በአንድ በኩል ለሽያጭ እየቀረበ በሌላ በኩል ሐዲድ ለኃይል እጦት የሚዝግ ከሆነ ችግሩ የማመንጨት አቅም ነው የሚለው ክርክር በምን ላይ ይቆማል?

የጦርነቱ ዘመን ሌላም ነገር ገልጧል። ወልድያ፣ ላሊበላና በአካባቢያቸው ያሉ የሰሜን ወሎ ከተሞች ኃይል ያገኙ የነበረው ከአላማጣ ማከፋፈያ ጣቢያ ስለሆነ፣ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ያ መስመር ሲቋረጥ ጨለማ ወረሳቸው፤ ውጊያው ከአካባቢያቸው ከራቀ በኋላም ለወራት መብራት አላገኙም። በዚያ ጊዜ የውኃ እጥረት አልነበረም፤ እንዲያውም የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት ጀምሯል። ከተሞቹን ያጨለማቸው አንዲት በር ብቻ ያላቸው መሆኑ ነው። በኃይል ምህንድስና ዘንድ የታወቀና ለድርድር የማይቀርብ ደንብ አለ፤ ከማመንጫዎች፣ ከመስመሮችና ከትራንስፎርመሮች የትኛውም አንዱ ቢጎድል ቀሪው ሥርዓት ተጠቃሚውን ሳያቋርጥ መሸከም አለበት ይላል። ለኮምቦልቻ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ለደሴ፣ ለወልድያና ለላሊበላ ይህን ደንብ የሚያሟላ ሁለተኛ አቅጣጫ መዘርጋት ከአንድ ተጨማሪ ግድብ ይልቅ የሚቀድም ሥራ ነው፤ የመሠረት ድንጋይ ሲጣልለትና ሪባን ሲቆረጥለት ስለማይታይ ግን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል።

ዝናብ ስለሚጠፋበት ዓመት ደግሞ ወሎ ከማንም በላይ ሊናገር ይገባዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ፣ ዝናብን ብቻ ተማምኖ የሚኖር ሕዝብ ዝናቡ ሲቀር ምን እንደሚሆን ለአገሪቱም ለዓለምም አሳይቷል። ያን ትምህርት በእርሻ ላይ የተቀበለ አገር በኤሌክትሪክ ላይ መዘንጋቱ ያሳዝናል። በአባይ፣ በኦሞ፣ በተከዜና በበለስ ላይ የቆሙት ማመንጫዎች በተለያዩ ወንዞች ላይ ቢሆኑም ውኃቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት በአንድ ደጋ ላይ በአንድ ክረምት ከሚዘንብ ዝናብ ነው። ኤልኒኞ የተባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅ ክረምቱን ሲያዳክም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 እንደታየው፣ ጉዳቱ አብዛኞቹን ተፋሰሶች በአንድነት ይነካል። ስለዚህ አሥር ግድቦች መኖራቸው አሥር የተለያዩ ምንጮች እንዳሉ አያስቆጥርም።

ማስረጃውም ሩቅ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት የመብራት ፈረቃ ታወጀ፤ በ2001 ዓ.ም. ዳግመኛ መጣ። በመካከሉ በቃሊቲ፣ በአዋሽ 7 ኪሎና በድሬዳዋ የናፍጣ ማመንጫዎች ተተከሉ፤ አገሪቱ በታዳሽ ኃይል ስሟ ሲጠራ ክፍተቷን በናፍጣ ለመድፈን የተገደደችበት ጊዜ ነበር። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ 1,870 ሜጋ ዋት የተተከለ አቅም ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ በመቀነሱ የ476 ሜጋ ዋት እጥረት ተፈጠረና ቤቶችና ፋብሪካዎች እንደገና በፈረቃ ሆኑ። በየጊዜው የተሰጠው መልስ የሚቀጥለው ግድብ ሲያልቅ ችግሩ አብሮ ያልቃል የሚል ነበር፤ ግድቦቹ አለቁ፣ ፈረቃው ግን ተመላለሰ። በዚህ መንገድ የሄዱ ሌሎችም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል። አብዛኛውን ኤሌክትሪኳን ከውኃ ታገኝ የነበረችው ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2001 ግድቦቿ ሲጎድሉ ሕዝቧን ፍጆታውን በ20 በመቶ እንዲቀንስ አስገድዳለች፤ በካሪባ ግድብ ላይ የተደገፈችው ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ2024ቱ ድርቅ ለብዙ ቤቶች በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚቆይ መብራት ለመስጠት ተገድዳለች። ሁለቱም ያመነጩት የነበረው ኃይል ታዳሽ ነበር።

የተቃራኒው ወገን እጅግ ጠንካራ መከራከሪያ ግን ሊሸሸግ አይገባም። የሕዳሴው ግድብ ከቀድሞዎቹ የተለየ ነው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ በመሆኑም አባይ በድንበሩ ላይ በዓመት ከሚያፈስሰው አማካይ ውኃ በእጅጉ ይበልጣል፣ ስለዚህ አንድ ክፉ ዓመት አያናውጠውም ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ግድቡ የሕዝብ ገንዘብና ላብ ያቆመው፣ በክፍለ ዘመን አንዴ የሚገኝ ሀብት ነው። ሆኖም እውነቱ የሚያመራው ወደ ሌላ መደምደሚያ ነው። የግድቡ የተተከለ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ሲሆን በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው ኃይል 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። ይህ ኃይል በዓመቱ ሰዓታት ሁሉ እኩል ቢከፋፈል 1,800 ሜጋ ዋት ያህል ይሆናል፤ ማለትም ውኃው ተርባይኖቹን ሁሉ ሌትና ቀን ለማሽከርከር ከሚበቃው ሲሶ ገደማ ነው። አንዳንድ ተቺዎች ይህን ይዘው ግድቡ ከሚገባው በላይ ተርባይን ተሸክሟል ሲሉ፣ ደጋፊዎቹ ደግሞ ቁጥሩን ከነአካቴው አያነሡትም። ሁለቱም ወገን የሳተው ነገር አለ፤ ያ ትርፍ ተርባይን ሙሉ ዋጋውን የሚያገኘው ግድቡ ብቻውን አገር ይመግብ ከተባለ ሳይሆን የነፋስና የፀሐይ ኃይል ሲታከሉበት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ በቀትር ስታመነጭ ተርባይኖቹ ይረግባሉ፣ ውኃውም በግድቡ ይቆያል፤ ምሽት ምጣዱ ሲሰካና ፀሐይ ስትጠልቅ ተቆጥቦ የቆየው ውኃ በእነዚያ ትርፍ ተርባይኖች በኩል በአንዴ ወደ ኃይል ይለወጣል። በዓመቱም ደረጃ እንዲሁ ነው፤ በአዳማና በመሰል ቦታዎች ነፋሱ በይበልጥ የሚነፍሰው በበጋው ወራት፣ ወንዞች በሚቀንሱበት ጊዜ ነው። ግድቡ በዚህ አኳኋን ሲታይ ጎተራ ነው፤ ጎተራ ደግሞ የሚያስተማምነው በመኸር የሚገባ ሌላ እህል ሲኖር እንጂ ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ ከእርሱ ብቻ እየዛቀ ሲበላ አይደለም። ከዚህ በላይ ከባዶቹ የውኃ ተርባይኖች በሚሽከረከሩበት ጊዜ በክብደታቸው የፍሪኩዌንሲውን መዛባት ያረግባሉ፤ ሌሎች አገሮች ይህን አገልግሎት ለማግኘት ለታላላቅ ባትሪዎችና ለልዩ መሣሪያዎች ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። እርግጥ ከድንበሩ በታች ያለው የሱዳን የሮዛሪስ ግድብ የሚለቀቀው ውኃ በየሰዓቱ እጅግ እንዳይዋዥቅ ስለሚፈልግ የዕለት አለቃቀቁ ስምምነትና የመረጃ ልውውጥ ይጠይቃል፤ ይህ ከባድ የዲፕሎማሲ ሥራ ነው፣ ሆኖም የምህንድስና መሰናክል አይደለም።

ኡራጓይ ይህን መንገድ በተግባር አሳይታለች። ግድቦቿ በድርቅ ሲከዷት ነዳጅ ከውጭ ትገዛ የነበረችው ይህች ትንሽ አገር በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ የነፋስ ማመንጫዎችን በስፋት ተክላ ከኤሌክትሪኳ ሲሶ ያህሉን ከነፋስ ማግኘት ጀመረች፤ ነባሮቹ ግድቦቿም ከዋና ምንጭነት ወደ ሚዛን ጠባቂነት ተሸጋገሩ። ኢትዮጵያ በአንጻሩ አዳማ 1ን በ2004፣ አሸጎዳን በ2006፣ አዳማ 2ን በ2007 ዓ.ም. ከፍታ ጉዞውን ቀድማ ከጀመረች በኋላ፣ ዓይኗን መልሳ በአብዛኛው በግድቡ ላይ ስለጣለች ነፋሱ በተጨማሪነት ደረጃ ቀርቷል።

ለኮምቦልቻ ደግሞ መድኃኒቱ በደጅዋ አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ሰመራ የሚወርደው ማስተላለፊያ መስመር ወደ አፋር ቆላ፣ ከአገሪቱ እጅግ ፀሐያማ ከሆኑት ቦታዎች ወደ አንዱ፣ ይዘልቃል። በዚያው አቅጣጫ የሚገኘው የዲቼቶ የፀሐይ ኃይል ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው ጨረታ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ዋጋ ቀርቦለት ነበር፤ ይህ በወቅቱ በአፍሪካ ከተሰሙት ዝቅተኛ ዋጋዎች የሚመደብ ሲሆን፣ ፕሮጀክቱ ግን ወደ ግንባታ ሳይገባ ቀርቷል። በዱብቲ አጠገብ በሚገኘው በተንዳሆ የከርሰ ምድር እንፋሎት መስክ በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጉድጓዶች ተቆፍረው የእንፋሎቱ መኖር ተረጋግጧል፤ እስከ ዛሬ ግን ለመረቡ የሚያመነጭ ጣቢያ አልቆመበትም። የእንፋሎት ኃይል፣ ጂኦተርማል የሚባለው፣ ክረምትና በጋ፣ ቀንና ሌሊት ሳይል በአንድ መጠን የሚያመነጭ በመሆኑ ድርቅን የሚቋቋም ዋስትና ነው። በዚሁ ስምጥ ሸለቆ ላይ የተቀመጠችው ኬንያ በኦልካሪያ እ.ኤ.አ. በ1981 ጀምራ ዛሬ ከኤሌክትሪኳ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከእንፋሎት ታገኛለች፤ ኢትዮጵያ ግን በ1990 ዓ.ም. በአሉቶ ላንጋኖ ከተከለቻት ትንሽ ጣቢያ ብዙም አልራቀችም። የፀሐይና የእንፋሎት ኃይል ከምሥራቅ ወደ ኮምቦልቻ ቢመጣ ከተማዋ ከማዕከል በሚመጣ ኃይል ጫፍ ላይ ከመንጠልጠል ወጥታ ከሁለት አቅጣጫ የምትመገብ መጋጠሚያ ትሆናለች፤ ከላይ የተጠቀሰው ደንብም በዚያው ይሟላል።

ይህን ሁሉ የሰሙ አንዳንዶች ታዳሽ ኃይል የማይታመን ከሆነ የኦጋዴኑን የካሉብና የሂላላ ጋዝ ለማመንጫ ማዋል ይሻላል ይላሉ። ክርክሩ ከግድብ ወገኖች ተቃራኒ ቢመስልም ከእነርሱው ስሕተት የሚነሣ ነው፤ ሁለቱም መፍትሔውን ከአንድ ተጨማሪ ምንጭ ይጠብቃሉ። የጋዝ ማመንጫ በቧንቧ ውሃ ከአቅሙ በላይ የተጫነውን ትራንስፎርመር አይተካም፣ ለላሊበላ ሁለተኛ መስመር አይዘረጋም፣ የኮምቦልቻን ሐዲድም ከኃይል ጋር አያገናኝም።

የሚቀረው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ ይህም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሁለተኛ መስመር፣ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ የእንፋሎት ቁፋሮና ለግል ባለሀብት የሚሰጥ የውጭ ምንዛሪ ዋስትና ሁሉ ወጪ ናቸው። ነገር ግን ወጪው ዛሬም እየተከፈለ ነው፤ የደሴ ባለሱቅ በጄኔሬተር ናፍጣ፣ ፋብሪካው በተበላሸ ጨርቅ፣ የቤት እመቤቷ በተቃጠለ ማቀዝቀዣና በከሰል ከረጢት ይከፍሉታል። አገሪቱ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች በኋላ ደግሞ የመኪናው ጭነት ሁሉ በእነዚያው የ315 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመሮች ላይ መውረዱ አይቀርም፤ የሚጨመረው ፍላጎት የሚሰማው በሰፈር ደረጃ ነው፣ የሚታቀደው ግን አሁንም በግድብ ደረጃ ነው።

የሚቀጥለው ብሔራዊ የኃይል ልማት ዕቅድ ሲወጣ ከተተከለው ሜጋ ዋት አጠገብ ሌሎች ቁጥሮችም መታተም ይኖርባቸዋል፤ ኮምቦልቻ ማከፋፈያ ጣቢያ በዓመት ስንት ሰዓት ኃይል እንዳጣ፣ ከመስመሮቹ አንዱ ቢወድቅ ምን ያህል ጭነት መሸከም እንደሚችል፣ እንደ 1977 ዓ.ም. ያለ ድርቅ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ቢመጣ የምሽቱ ፍላጎት ምን ያህሉ ከውኃ፣ ምን ያህሉ ከነፋስ፣ ከፀሐይና ከእንፋሎት እንደሚሸፈን፣ በደሴ ከተማ ካሉት ትራንስፎርመሮችም ስንቶቹ ከአቅማቸው በላይ እንደሚሠሩ። እነዚህን ለመሰብሰብ አዲስ ተቋም አያስፈልግም፤ የማመንጨትና የማስተላለፉ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ የስርጭቱ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከተከፈለበት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ መረጃው በሁለቱ ተቋማት መካከል ተከፋፍሎ ይገኛል፤ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲም ሒሳቡን በራሱ ከተሞች ላይ ለመሥራት የሚያግደው ነገር የለም።